ቃልን በየብልቱ

በተመራቂዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



የዝግጅት ኮሚቴው ደውሎ «የፈለግሽውን ርዕስ ያዢ፤ ብቻ ሻዩን እንዳታቀዘቅዢብን» አለኝ። ሐኪሞች ሲሰበሰቡ ምን እንደሚያወሩ እናውቀዋለን፤ ደመወዝ፣ ስደት፣ የመድኃኒት እጥረት። እነሱን በሻይ ሰዓት እንደርስባቸዋለን። እኔ የመረጥኩት ትንሽ የሚመስል ነገር ነው። የሕክምና ቃላት እንዴት እንደሚገጣጠሙ እዚህ ግቢ ውስጥ የተማርኩበትን መንገድ፣ ከዚያም ያ ትምህርት የት ላይ እንዳልበቃኝ ልነግራችሁ ነው። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ አስተማሪዎቼን አልከስም።

እዚህ ግቢ የገባሁት በ1992 ዓ.ም. ነው። ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ሳይንስን የተማርኩት በአማርኛ ነበር። ጉበት፣ ጣፊያ፣ ቆሽት፣ ኩላሊት የሚባሉትን ከመጽሐፍም፣ በበዓል ከታረደ በግ ሆድ ዕቃም አውቃቸዋለሁ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም እንግሊዝኛ ሆነ፤ እሱንም እንደምንም ለመድነው። የሕክምና ትምህርት ስንጀምር ግን እንግሊዝኛውም ራሱ ጠፋ። ገጹ ሁሉ ግሪክና ላቲን ሆነ።

መፍትሔ ያልኩት ሽምደዳን ነበር። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝቼ በየማታው 40 ቃል እጽፋለሁ። ሰኞ የያዝኩት ሐሙስ ይጠፋል። የዶርሜ ልጆች ያስታውሳሉ፤ ከአልጋዬ አጠገብ ያለው ግድግዳ በወረቀት ተሸፍኖ ነበር። አንዷ «ይኼ ግድግዳ ካንቺ በፊት ይመረቃል» ብላኛለች።

ሦስተኛ ዓመት መጀመሪያ ላይ የውስጥ ደዌ መምህራችን ክፍል ገቡና ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ብቻ ጻፉ፤ ሄፓቶስፕሌኖሜጋሊ። በላቲን ፊደል 18 ሆሄ ነው። ከዚያ ዞር አሉና «ዶሮ ብልት አውጥታችሁ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ» አሉ። ሴቶቹ አወጣን። ከወንዶቹ አንድ ሁለት ልጆች አወጡ፤ ክፍሉ ሳቀባቸው። እሳቸው አልሳቁም። «ዶሮ 12 ብልት አላት። ብልት የሚያወጣ ሰው አጥንት አይሰብርም፤ መገጣጠሚያውን በጣቱ ፈልጎ እዚያ ላይ ነው ቢላውን የሚያሳርፈው። ይኼም ቃል መገጣጠሚያ አለው» አሉና በጠመኔ ሁለት መስመር አሰመሩ። ሄፓቶ፣ ስፕሌኖ፣ ሜጋሊ። ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት ሆሄ። ጉበት፣ ጣፊያ፣ መተለቅ። «የጉበትና የጣፊያ መተለቅ። በቃ፤ ቃሉ ይኼው ነው» አሉን።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ቀን ማታ ግድግዳዬን ላጥኩት።

ዛሬ እዚህ ያሉ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ስላሉ ሕጉን በአጭሩ ልድገመው። አንደኛ፣ ቃሉን ከጭራው ጀምሩ። ጭራው ምን እንደሆነ ይነግራችኋል፤ «አይቲስ» ከሆነ መቆጣት ነው፣ «ኤሚያ» ከሆነ በደም ውስጥ ነው፣ «ዩሪያ» ከሆነ በሽንት ውስጥ ነው፣ «ኤክቶሚ» ከሆነ ቆርጦ ማውጣት ነው። ሁለተኛ፣ ወደ ራሱ ተመለሱ። ራሱ ስንት፣ ወዴት፣ እንዴት የሚለውን ይመልሳል፤ «ታኪ» ፈጣን፣ «ብራዲ» ዘገምተኛ፣ «ሃይፐር» ከልክ በላይ፣ «ሃይፖ» ከልክ በታች። ሦስተኛ፣ መሐሉን ያዙ። መሐሉ አካሉ ነው፤ «ጋስትር» ጨጓራ፣ «ኔፍር» ኩላሊት፣ «ካርዲ» ልብ።

በመሐል የምትገባዋ «ኦ» ብዙ ሰው ታስቸግራለች። ጋስትራይቲስ ላይ የለችም፣ ጋስትሮስኮፒ ላይ አለች። እሷ ትርጉም የላትም፤ ማጣበቂያ ናት። ተከታዩ ክፍል በአናባቢ ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ አታስፈልግም፣ በተነባቢ ከጀመረ ትገባለች። እኛ ለዚህ እንግዳ አይደለንም። «ቤት» የሚለውን ግዕዙ ከሌላ ቃል ጋር ሲያጋጥመው «ቤተ» ይለዋል፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መንግሥት። የመጨረሻው ፊደል ለመጋጠም ሲል ድምፁን ይለውጣል። መካዱንም እናውቀዋለን። «ፍትሐዊ» ላይ «ኢ» ስንቀጥል «ኢ-ፍትሐዊ» እንደሚሆነው፣ ግሪኩም «አ» ወይም «አን» ቀጥሎ ያፈርሰዋል። እንዲያውም አማርኛ ተናጋሪ በአንድ ነገር ይታደላል፤ የቃሉ ቅደም ተከተል ከእኛው ጋር አንድ ነው። ጋስትራይቲስ ማለት «የጨጓራ መቆጣት» ነው፤ ጨጓራው ፊት፣ መቆጣቱ ኋላ።

የዚህ ትምህርት ደስታ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ አይታችሁት የማታውቁት ቃል ፈተና ላይ ሲመጣ አለመደንገጥ። «ኮሌሲስቴክቶሚ» ይላል። ኮሌ ሐሞት፣ ሲስት ከረጢት፣ ኤክቶሚ ቆርጦ ማውጣት። የሐሞት ከረጢትን ማውጣት። ማንም ሳይነግራችሁ አወቃችሁ ማለት ነው። ለአንድ የ20 ዓመት ልጅ ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግን ብልት ማውጣት ስለታም ቢላ ይፈልጋል፤ ስለታም ቢላ ደግሞ ይቆርጣል። «ኦቶሚ» መቅደድ ነው፣ «ኦስቶሚ» ቀዳዳ አበጅቶ መተው ነው። ልዩነታቸው አንዲት «ስ» ናት። አባቱ ትራኪኦስቶሚ ሊሠራላቸው ለተኛ ልጅ ግን ልዩነቱ አባቱ አንገታቸው ላይ ቱቦ ይዘው መንቃታቸው ነው።

ስለ «ሃይፐር» እና «ሃይፖ» የራሴን ልንገራችሁ። ኢንተርን ነበርኩ፤ የት እንደሆነ ይቅር። ዲዩቲ ላይ ሆኜ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም የላብራቶሪው ሰው በውስጥ ስልክ ደወለ። ስልኩ ይንኮሻኮሻል። «የ12 ቁጥር አልጋ ታካሚ፣ ሃይፖካሌሚያ» ሲል ሰማሁ። ፖታሲየሙ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ካርዱ ላይ ጻፍኩ። ሲስተሯን ፖታሲየም ክሎራይድ እንድታዘጋጅልኝ ጠየቅኳት። እሷ ዕድሜዋን በዋርድ የጨረሰች ሴት ናት። ብልቃጡን ይዛ ቆመችና «ዶክተር፣ ሰውዬው እኮ ከትናንት ጀምሮ ሽንት አልሸኑም። ቁጥሩን ነግረውሻል?» አለችኝ።

አልጠየቅኩም ነበር። መልሼ ደወልኩ። ቁጥሩ 6.8 ነው። ሃይፖ ሳይሆን ሃይፐር ነበር፤ ፖታሲየሙ ወርዶ ሳይሆን አደገኛ ደረጃ ላይ ወጥቶ ነበር። ኩላሊታቸው ሥራ አቁሟል። ልሰጣቸው የነበረው መድኃኒት ልባቸውን ያቆመው ነበር። ሰውዬው ያን ሌሊት ተረፉ፤ ያዳነቻቸው ሲስተሯ ናት። እኔ ቃሉን በየብልቱ አውቀው ነበር፤ እንኳን ትርጉሙን፣ «ካል» የሚለው ቁራጭ ከየት እንደመጣ ጭምር እነግራችሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ በስልክ ላይ «ሃይፖ» ብዬም «ሃይፐር» ብዬም አላበቃም። «ከፍ ያለ ነው፣ 6.8» እላለሁ፤ የሰማው ሰው መልሶ እንዲነግረኝም እጠይቃለሁ። ተማሪዎቼንም እንደዚያው።

ሁለተኛው የተማርኩት ነገር፣ የቃሉ ብልቶች ስሙን ይነግሩናል እንጂ በሽታውን አይነግሩንም የሚል ነው። ስም የሰጡት ሰዎች የሚያውቁትን ያህል ነው የሰየሙት። የጥንት ግሪኮች የሬሳ አርተሪ ሲከፍቱ ባዶ ሆኖ ስላገኙት አየር ይተላለፍበታል ብለው ያምኑ ነበር። «ማላሪያ» ጣልያንኛ ነው፤ መጥፎ አየር ማለት ነው። ሮናልድ ሮስ በ1897 እ.ኤ.አ. ጥገኛውን ከወባ ትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘው፤ ስሙ ግን መጥፎ አየር እንደሆነ ቀረ። «ሂስቴሪያ» ከማህፀን ስም የመጣ ነው፤ የሴት ጭንቀት ሁሉ ከማህፀኗ ይመነጫል ይሉ ነበር። ስሙ ስንት ዘመን ስንት ሴት አሳዘነ! «ካንሰር» ማለት ሸርጣን ነው፤ ከዕጢው ዙሪያ ያበጡት ደም ሥሮች እግሮቹን ቢመስሏቸው ነው የሚሉ አሉ። ስለዚህ ተማሪ ሆይ፣ ብልቱን ለማስታወሻ ያዘው፤ ማስረጃ ግን አታድርገው።

የታካሚም ቃል እንደዚሁ ነው፤ እሱም ብልት አለው። አራተኛ ዓመት ሆነን ዋርድ ስንገባ አንድ ገበሬ «ልቤን ያቃጥለኛል» አሉን፤ እጃቸው ያረፈው ግን ከእምብርታቸው በላይ፣ ጨጓራቸው ላይ ነው። ከመሐላችን አንዱ ፈገግ አለ። እኚያው የዶሮው መምህራችን አዩት። «ምን ያስቅሃል? የአናቶሚ መጽሐፍህን ክፈት። የምግብ ቧንቧ ወደ ጨጓራ የሚገባበት ቦታ ምን ይባላል?» አሉት። «ካርዲያ» አለ። «ካርዲያ ምንድን ነው?» ልጁ ዝም አለ። ልብ ነው። የጥንት ግሪኮችም ቃሉን ለልብም ለጨጓራ አፍም ይጠቀሙበት ነበር። ገበሬው የተሳሳቱት አንድም ነገር አልነበረም፤ እኛ ነን ግሪኩን ስንማር የራሳችንን መስማት የረሳነው።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

ተመርቄ ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ በሄድኩበት በመጀመሪያው ዓመት አንዲት እናት መጡ። ራስ ምታት ነበራቸው፤ ግፊታቸው 190 በ110 ነው። «እማማ፣ ደም ብዛት አለብዎት» አልኳቸው። የግፊት ክኒን አዘዝኩ፣ ጨው ይቀንሱ አልኩ። በደንብ ይከታተሉ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ድካም አሉኝ፣ ገረጡም። ሄሞግሎቢናቸውን ባሠራ 8 ነው። «እማማ፣ ደም ማነስ አለብዎት» አልኳቸው። የብረት ክኒን አዘዝኩ። እሳቸውም «ተመስገን» አሉና ሄዱ። ያን ጊዜ «ተመስገን» ማለታቸው ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ከአራት ወር በኋላ ልጃቸው ተሸክሟቸው መጣ። ቀኝ ጎናቸው አይንቀሳቀስም፣ መናገር አይችሉም። ልጃቸውን ክኒኑን ይወስዱ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ትተውታል» አለኝ። «ደሜ በዝቶ ነበር፣ አሁን ግን አንሷል አለችኝ ሐኪሟ። እንግዲህ የሚያሳንሰውን ለምን እውጣለሁ? ብለው ተዉት። የሚጨምረውን ግን አንድ ቀን አላጓደሉም።»

አያችሁ? እማማ ቃሉን በየብልቱ አውጥተውታል። ደም፣ ብዛት። ደም፣ ማነስ። እኔ እዚህ ክፍል ውስጥ ከተማርኩት በላይ በጥንቃቄ ነው ያወጡት። አንዱ ሌላውን ያጠፋል የሚለው ድምዳሜያቸውም ከሰጠኋቸው ቃል በትክክል የሚመጣ ድምዳሜ ነው። የተሳሳተው ቃሉ ነው። ግፊት ሲጨምር ደም በዝቶ አይደለም፤ ደሙ የቧንቧውን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው የበዛው። በሳቸው ሁኔታ ደሙ ቀጠነ እንጂ አላነሰም፤ አየር የሚሸከመው ቀዩ ነገር ነው የጎደለው። ግሪኩም ቢሆን ከእኛ አይሻልም፤ አኒሚያ በየብልቱ «ደም-አልባ» ማለት ነው። እኔ ግን ግሪኩን ሳልፈው በላዩ ላይ የስድስት ዓመት ትምህርት ነበረኝ። እማማ በኔ ቃል ላይ የነበራቸው እኔኑ ብቻ ነው።

ያን ዕለት ካርዳቸው ላይ በቆንጆ ጽሕፈት «ሄሚፕሌጂያ፣ አፌዥያ» ብዬ ጻፍኩ። ሄሚ ግማሽ፣ ፕሌጂያ ሽባነት፤ «አ» አልባ፣ ፌዥያ ንግግር። አንድ ፊደል አልተሳሳትኩም። ሁለቱ የአማርኛ ቃላት ናቸው የተሳሳቱት።

እማማ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ። በየቀጠሮው ይመጡ ነበር፤ በግራ እጃቸው እጄን ይይዙኛል፣ ሊነግሩኝ የፈለጉትን ግን እስከ መጨረሻው አልነገሩኝም።

ይኼ የአንድ ሰው ታሪክ ቢሆን ዛሬ አላነሳውም ነበር። «ነቀርሳ»ን አስቡት። የሳንባ ነቀርሳ ስንል ቲቢ ነው፤ ነቀርሳ ብቻ ስንል ግን ሰው ካንሰር ነው የሚሰማው። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ ሞቱን ሊጠብቅ ወደ ቀዬው የተመለሰ ወጣት አጋጥሞኛል፤ በነጻ በሚሰጥ መድኃኒት በስድስት ወር የሚድን በሽታ ይዞ! ከውጭ የመጣችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዘመድ የላብራቶሪ ወረቀቱን በስልክ እያነበበላችሁ «ኔጋቲቭ ይላል፤ ምን ተገኘብኝ?» ይላችኋል። በቋንቋው «አሉታዊ» መጥፎ ነው፤ በእኛ ወረቀት ላይ ግን ብዙ ጊዜ የምሥራች ነው። ይኼንን ማን ነገረው?

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለኝ፤ አንድ ብቻ። የቃል ፈተና ስትፈትኑ፣ ተማሪው ምርመራውን በግሪክና በላቲን ተንትኖ ከጨረሰ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፤ «አሁን ይኼንን ለእናትህ ንገራት» በሉት። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፤ እሱ በሚናገረው፣ ተመርቆ በሚሄድበት አገር ቋንቋ። ከዚያ ደግሞ «እናትህ ለጎረቤቷ ስትነግር ምን ብላ ትነግራለች?» ብላችሁ ጠይቁት። ጎረቤቷ ጋ ሲደርስ ቃሉ ምን እንደሚሆን መገመት ካልቻለ አልጨረሰም ማለት ነው። ነጥብ ስጡት፤ ነጥብ የሌለው ነገር እንደማይጠና ሁላችንም እዚህ ግቢ ውስጥ ተምረናል።

እኔ ዛሬ «ደም ብዛት» አልልም፤ «የደም ግፊት» እላለሁ። በቂ ግን አይደለም። ስለዚህ ታካሚው ሊነሳ ሲል «ቤት ሲገቡ ምን ሆንሽ ቢሉዎት ምን ብለው ይመልሳሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። 60 ሰው በር ላይ ሲጠብቅ ሁለት ደቂቃ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ሳልጠይቅ የቀረሁበትን ቀንም አውቃለሁ።

የዶሮው መምህራችን ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ጋሼ፣ ያስተማሩኝን አልረሳሁም፤ በመገጣጠሚያው ነው የምቆርጠው። የቀረኝ መልሶ መግጠሙ ነበር። ዶሮዋም እኮ 12 ብልት የምትሆነው ወጥ ሆና ቤተሰብ እንዲበላት ነው።

በመጨረሻ፤ ሻዩ ጠረጴዛ ላይ፣ ከስኳሩ አጠገብ አንድ ደብተር አስቀምጫለሁ። ባለ 50 ሉክ ናት፤ እንደዚያችው እንደ ድሮዋ። እያንዳንዳችሁ ታካሚ በተሳሳተ መንገድ የተረዳባችሁን አንድ ቃል፣ አሁን ደግሞ በምን እንደምትተኩት ጻፉልኝ። ስም መጻፍ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እኔ «ደም ብዛት» ብዬ ጽፌያለሁ።

ሻዩን አላቀዘቀዝኩም መሰለኝ።